ቁልፍ ተቀባዩ አባ መቼ፦ የበረራ ክበባችን የዜና ሰሌዳ ጸሐፊ የሕይወት ታሪክ

በበረራ ክበቡ ግቢ ትንሹም ትልቁም «አባ መቼ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከጭነት መኪና ሾፌሩ አባታቸውና ሰፈርተኛው ሁሉ «እትዬ» ከሚላቸው እናታቸው፣ ከዋናው አውራ ጎዳና ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ቤቲቱ ለመንገዱ እጅግ ከመቅረቧ የተነሳ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጩ ነበር። እናታቸው ሲያወሩ፣ በተወለዱበት ቀን አባታቸው መንገድ ላይ ስለነበሩ ሕፃኑ ጡት ከመያዙ በፊት ፊቱን ወደ በሩ አዞረ ይሉ ነበር። እውነት ይሁን የእናት ወግ ያጣራ የለም። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ግን፣ ወንድሟ ፊታቸውን ወደ በር ሳያዞሩ ተቀምጠው አይታቸው አታውቅም።

አባታቸው ደግ፣ ተጫዋችና ለሥራቸው ታታሪ ሰው ነበሩ። አንድ ጠባይ ግን ነበራቸው፤ ከቤት ሲወጡ መቼ እንደሚመለሱ ተናግረው አያውቁም። ሲጠየቁም «እኔ ምን አውቄ? መንገዱን ጠይቁት» ብለው ይስቁ ነበር። ልጃቸውም የተባሉትን ሰምተው መንገዱን መጠየቅ ጀመሩ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን ጥለው ከአጥሩ ጥግ ያለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና የሞተር ድምፅ ያዳምጣሉ። የአባታቸው መኪና ዳገቱን ሲጀምር የምታሰማውን ሳል የመሰለ ድምፅ ከሌላው ሁሉ ለይተው ያውቁት ነበር።

ዝናብ በበረታበት ሰሞን፣ ሟች ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ አባታቸው እንደወጡ ቀሩ። ልጁ ከድንጋያቸው አልነሳም አሉ። ታናሽ እህታቸውንም አጠገባቸው አስቀምጠው «ዛሬ ይመጣል፤ ድምፁን ሰምቻለሁ» እያሉ ያጽናኗት ነበር፤ እሷም አምና ተቀምጣለች። በመጨረሻ የመጣው የመኪናው ባለቤት ነው። ሰውየው ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። መኪናው ድልድዩ ላይ ተንሸራቶ መገልበጡን ለመናገር አፉን እስኪከፍት ድረስ እናታቸው እንዲገባ ይለምኑት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ሁሉ ከልጁ አፍ አንድ ጥያቄ ሳይሰማ አልወጣም። እናታቸው እንኳ ጨው ሊገዙ ጥግ ወዳለው ሱቅ ሲሄዱ የሚመለሱበትን ሰዓት ተናግረው ነበር የሚሄዱት።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። የእጅ ጽሕፈታቸው ከክፍሉ ሁሉ የተመሰገነ ነበር። ከትምህርት ሁሉ ደግሞ ሒሳብን ይወዱ ነበር። ምክንያቱን ለእህታቸው ሲነግሯት፣ በሒሳብ መጽሐፉ ውስጥ የተነሳ ባቡር ሁሉ ይደርሳል፣ የሚደርስበትም ሰዓት ይታወቃል አሏት። ቤተሰቡን መርዳት ስለነበረባቸው ከዚያ በላይ አልተማሩም፤ የመኪና ወንበርና ሶፋ የሚያለብሱት አጎታቸው ሱቅ ገቡ። ቆዳ መቁረጥ፣ ስፖንጅ መሙላት፣ በወፍራም መርፌ ድርብ ስፌት መስፋት እዚያ ተማሩ። እጃቸው ቶሎ ተፍታታ፤ ልባቸው ግን እንደታሰረ ነበር። ማታ ሱቁን ቆልፈው ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ «ካውያውን ነቅዬዋለሁ?» ብለው ይመለሱ ነበር። ነቅለውት ያገኙታል። አጎታቸው በመጨረሻ ካውያውን ራሳቸው እየያዙ ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ፤ የወንድማቸው ልጅ እንቅልፍ አጥቶ ሌላውን እንቅልፍ እንዳይነሳ ብለው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከውድ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሠረቱ። የተዋወቁት በስልክ ነው። ባለቤታቸው በስልክ ቤት መስመር የሚያገናኙ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ቀን ሟች፣ አጎታቸው ጨርቅ ሊያመጡ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ስለቆዩ፣ እዚያ ላለ ሱቅ እየደወሉ መስመሩን አልለቅ አሉ። ሠራተኛዋም ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «ጌታው፣ እኔ መስመር አገናኛለሁ እንጂ ሰው አልጠብቅም» አሉ። ሟችም «እርስዎስ ከሥራ መቼ ነው የሚመለሱት?» ብለው ጠየቁ። መስመሩ ወዲያው ተዘጋ። በማግሥቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ደወሉ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት። ሟች እስከ መጨረሻ ድረስ «ለማሽኮርመም አልነበረም፤ ምሽት እየሆነ ስለነበር አሳስቦኝ ነው» እያሉ ሲምሉ ኖረዋል። ባለቤታቸው ይህን ማስተባበያ አንድም ቀን ተቀብለውት አያውቁም። ከጋብቻቸውም የዓይን ማረፊያቸው የሆነችውን አንዲት ሴት ልጃቸውን አፍርተዋል።

ወደ በረራ ክበቡ የገቡት በሥራ ሰበብ ነው። በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ ላይ፣ የክበቡ አሰልጣኝ አንድ የተቀደደ የአውሮፕላን ወንበር ተሸክመው ሱቃቸው መጡ። ሟች ወንበሩን አድሰው ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። ያገኙት ከከተማው ጫፍ ያለ ሣር የበዛበት ሜዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ክፍል ቢሮ፣ ደጁ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከጎኑም ሁለት ሦስት ሰው የሚይዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚያድሩበት መጋዘን ነው። በረጅሙ ምሰሶ ላይ ደግሞ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ለአብራሪዎቹ የሚያሳየው ብርቱካናማ የጨርቅ ከረጢት ተሰቅሏል። ከረጢቱ ከአፉ እስከ ጅራቱ ተተርትሮ ይወዛወዝ ነበር። ሟች ይህን አይተው ማለፍ አልቻሉም። «በዚህ ላይ ነው ነፍሳችሁን የምትጥሉት?» ብለው አወረዱት፤ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠው በድርብ ስፌት ሰፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ከረጢት ሌላ ሰው ሰፍቶት አያውቅም።

ለምን እንደቆዩ ሲጠየቁ አጥጋቢ መልስ ሰጥተው አያውቁም። መሬት ላይ ላለ ሰው እንኳ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው፣ ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ሰማይ የሚወጡበት ቦታ ምን ይሠራል? ባለቤታቸው «ጭንቀቱ ቤት ውስጥ ስላነሰው ተጨማሪ ፍለጋ ሄደ» ይሉ ነበር። እህታቸው ግን ሌላ ነገር ታስባለች። እዚያ ሜዳ ላይ፣ የሚሄድ ሰው የሚመለስበትን ሰዓት ይናገራል፤ ደንብ ነው። እሳቸው ይህን ደንብ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲፈልጉት ኖረዋል።

የእጅ ጽሕፈታቸው ስለተወደደ የክበቡ ዜናና የመጪ በረራዎች ማስታወቂያ ለእሳቸው ተሰጠ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ያለችውን የእንጨት ሰሌዳ ለሠላሳ ዓመት ያህል የጻፉት እሳቸው ናቸው። ክበቡ በየጊዜው «የምሳ በረራ» የሚባል ነገር አለው፤ አባላቱ ተሰባስበው ወደ ሌላ ሜዳ ይበርራሉ፣ አብረው ምሳ ይበላሉ፣ ተጫውተው ይመለሳሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ይተወው ነበር። የሳቸው ማስታወቂያ ግን እንዲህ ነበር፦ «ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ሜዳ የምሳ በረራ አለ። ደመናው ዝቅ ካለ በረራው ቀርቷል፤ ምሳው አልቀረም፣ እዚሁ እንበላለን። ጃኬት ያዙ። ውሃ ያዙ። ሚስቶቻችሁ የምትመለሱበትን ሰዓት ይወቁ። ደርሶ ያልደወለ ሳህን ያጥባል።» አዲስ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በርሮ ሲያርፍ ደግሞ «እንኳን ደስ ያለህ» ከማለታቸው በፊት «ተመልሷል» ብለው በትልቁ ይጽፉ ነበር። ዋናው ዜና ለእሳቸው ያ ነበር።

«አባ መቼ» የተባሉት ያኔ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ያሰረ ሰው ሁሉ መስኮቱ ላይ የሳቸውን ፊት ያያል። «መቼ ትመለሳለህ?» ይላሉ። ሰዓቱን ካልነገሯቸው ከክንፉ ሥር አይነሱም። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይናደዳል። ሰዓቱን ግን ይናገራል።

ለቁልፉ ሥርዓት ሰበብ የሆኑት አንድ የክበቡ አባል፣ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ከሐይቁ ሜዳ የምሳ በረራ መልስ ሁሉም አርፈው የሐኪሙ አውሮፕላን ብቻ ቀረች። ሬዲዮው ዝም አለ። ወደ ሐይቁ ተደወለ፤ «ከሌሎቹ ጋር ነው የተነሱት» አሉ። ሰማዩ ጠቆረ። አሰልጣኙ መኪና አስነስተው ወደ ኮረብታዎቹ ሄዱ፤ ፖሊስም ተነገረው። ሟች ከምሰሶው ሥር ቆመው አንጋጠው ቀሩ። እህል ውሃ አላሰኛቸውም፤ ሻይ ቢቀርብላቸው እጃቸው ላይ በረደ። በመጨረሻ የሐኪሙ ሚስት እያለቀሱ ለወንድማቸው ስልክ ደወሉ፤ የእርሻ ድርጅት ኃላፊ ነው። «ባሌ ጠፋብኝ!» ሲሉት፣ «የትኛው ባልሽ? ይኸው ሶፋዬ ላይ ያንኮራፋል» አለ። ለካ ሐኪሙ ደመናውን ፈርተው ድርጅቱ ሜዳ ላይ በሰላም አርፈዋል። ሲያርፉ ምሳ ድጋሚ ቀርቧል። ከምሳ በኋላ እደውላለሁ ብለው ጋደም አሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እሳቸውም አያውቁትም።

በማግሥቱ ሐኪሙ እያፈሩ ሲመጡ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አባ መቼ ብቻ አልሳቁም። ያን ሰሞን መርፌያቸው ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷቸው እንደነበር ባለቤታቸው ያስታውሳሉ። ከዚያ ከዜና ሰሌዳው በታች አንድ ሳንቃ መቱ፣ ሳንቃው ላይም ምስማሮች ደረደሩ። ማስታወቂያቸውም እንዲህ አለ፦ «ከእንግዲህ ወደ ሰማይ የሚወጣ ሁሉ የመኪናውን ቁልፍ ለእኔ ያስረክባል። ሲመለስ ከእጄ ይቀበላል። ሌላ ቦታ ያረፈ ደግሞ ሶፋ ላይ ከመጋደሙ በፊት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አስታውሶ ይደውል።»

የጥርስ ሐኪሙ «ጋሼ፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብለው ተቆጡ።

«ሕፃንማ ሲርበው ያለቅሳል፤ የት እንዳለ ይታወቃል» አሏቸው። ሐኪሙ ቁልፋቸውን አወጡ።

ሥርዓቱ እያደር የግቢው ባህል ሆነ። አንድ ቁልፍ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውም ከምድጃው አይወርድም። የመጨረሻው ሰው አርፎ ቁልፉን ሲቀበል፣ ሟች እጃቸውን እያራገፉ «እንግዲህ ቀኑ አለቀ» ይሉና ሁሉም ይበተናል።

ልጃቸው ያደገችው እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የቤት ሥራዋን የምትሠራው ከቁልፎቹ ሥር ተቀምጣ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ሱቅ መጥታ፣ «አባዬ፣ መብረር መማር እፈልጋለሁ» አለቻቸው። ሟች መርፌውን ቆዳው ውስጥ ሰክተው ተዉት። ከዚያ «መኪና መንዳትስ? እሱም እኮ ጥሩ ነው» አሉ። አባታቸውን መንገድ የበላባቸው ሰው መንገድን ሲያመሰግኑ የሰማ የለም፤ ያን ቀን ግን አመሰገኑት። ልጃቸው ግን ከሐሳቧ አልተመለሰችም። ለሳምንታት ቤቱ ውስጥ ነገሩ ሳይነሳ፣ ሳይጣልም ዋለ አደረ። በመጨረሻ ባለቤታቸው «ልጅቷን ሜዳ ላይ ያሳደግካት አንተ! አሁን ምን ቤት ነህ ብትል ምን ትመልስላታለህ?» አሏቸው። ወደ መጋዘኑ ሄደው የምትማርበትን አውሮፕላን ወንበር ከአዲስ ሰፉት፣ ቀበቶውንም በሙሉ ክብደታቸው እየተንጠለጠሉ ፈተኑት። ፈቃዳቸው ያ ነበር፤ በቃል አልሰጡትም።

ለብቻዋ ራቅ ወዳለ ሜዳ በርራ እንድትመለስ የታዘዘችበት ቀን መጣ። መኪና ስላልነበራት የቤቱን ቁልፍ ሰጠቻቸው።

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት፣ አባዬ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አልመጣችም። ነፋሱ ተነሳ፤ ያ በእጃቸው የሰፉት ከረጢት ዝቅ ሳይል ቀጥ ብሎ ተወጠረ። ሟች ከምሰሶው ሥር ሆነው አንዴ ከረጢቱን፣ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ሰዓታቸውን ያያሉ። አሰልጣኙ አጠገባቸው ቆመው «ነዳጅ በቂ አላት። ደግሞ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በዚህ ነፋስ አትነሳም፤ እዚያው ሆና ትጠብቃለች» አሉ። ሟች የሰሙ አይመስሉም ነበር። ቁልፉን ጨብጠውት ስለነበር ጥርሱ መዳፋቸው ላይ ታተመ። «አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ፤ እኔ ራሴ ነኝ ቀበቶዋን ያጠበቅኩት» ይሉ እንደነበር አሰልጣኙ ከከንፈራቸው አንብበዋል። አንድ ጊዜ የሞተር ድምፅ የሰሙ መስሏቸው እጃቸውን አነሱ። አስፋልቱ ላይ የሚያልፍ የጭነት መኪና ነበር። ያን ጊዜ ቁጭ አሉ።

የቢሮው ስልክ ጮኸ። ሟች ከአሰልጣኙ ቀድመው ደረሱ። «አባዬ፣ ነፋሱ እስኪበርድ እዚህ ሜዳ ላይ ነኝ። ስልኩ ተይዞ ነው እስካሁን። ደህና ነኝ» አለቻቸው። «እሺ» አሉና ስልኩን አስቀመጡ። አሰልጣኙ ሲፈልጓቸው ከመጋዘኑ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፈው ሲያለቅሱ አገኟቸው። «ነፋሱ ነው፤ አቧራ ከተተብኝ» አሉ። አሰልጣኙም መሐረባቸውን ሰጥተው «አዎ፣ ዛሬ አቧራው መጥፎ ነው» ብለው ዞሩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጃቸው አረፈች። ቁልፉን እጇ ላይ አኖሩላት፤ መዳፋቸው ላይ ያለውን ምልክት አይታ ፊቷ ተለወጠ። ይበቃሻል የሚሉ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን «ነገስ? ነገ መቼ ነው የምትመለሺው?» አሉ። ነገም እንድትሄድ ፈቅደዋል ማለት ነው። ልጃቸው እዚያው ሣሩ ላይ አቀፈቻቸው። ዛሬ የክበቡ አሰልጣኝ ናት፤ የምሳ በረራዎቹንም ከፊት ሆና የምትመራው እሷ ናት።

ሟች ራሳቸው ወደ ሰማይ የወጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «የቤተሰብ በረራ ቀን» የሚባለውን ዝግጅት በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ እያሳመሩ ይጽፉና፣ ቀኑ ሲደርስ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ወይም ሱቅ ውስጥ አስቸኳይ ሶፋ ይመጣል። የልጅ ልጃቸው «አያዬ ለምን ይፈራል?» ብሎ ሰው መሃል ስለጠየቀ አንድ ዓመት ማምለጫ አጡ። ቁልፍ የሚቀበላቸው ሰው ስላልነበረ የቤታቸውን ቁልፍ ለግቢው ጥበቃ ሰጡ፤ ስለ አያያዙም ረጅም ማብራሪያ ሰጡት። ከዚያ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው፣ ራሳቸው የሰፉትን ወንበር ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ለብዙ ጊዜ ዓይናቸውን አልገለጡም ነበር። ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት ከሥራቸው ያለውን ብርቱካናማ ከረጢት ነው፤ ከላይ ሲታይ የጥፍር ያህል ነበር። «ይቺን ነው ሕይወቴን ሙሉ ስሰፋ የኖርኩት?» ብለው ሳቁ። በሰላም አርፈው ቁልፋቸውን ሊቀበሉ ሲሄዱ ጥበቃው የለም፤ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ምሳ ሊበላ ሄዷል። ያን ጊዜ የግቢው ሰው ሁሉ የሚመጣውን ቁጣ ጠበቀ። እሳቸው ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው «እኔስ ተመልሻለሁ፤ እሱ ነው የጠፋው» አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቤተሰቡ እንደዚያ ልባቸው ቀለል ብሏቸው ያየበት ሌላ ቀን ብዙ የለም።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ጀመራቸው። ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ተናገሩ። ሆስፒታል ከገቡም በኋላ ሐሳባቸው ሰሌዳው ላይ ነበር። አልጋቸው ላይ ሆነው ለልጃቸው እንዲህ ብለው አስጻፏት፦ «የፊታችን ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ሜዳ የምሳ በረራ አለ። አዲሷ ተማሪያችን ብቻዋን በርራ ተመልሳለች። የሁለተኛው አውሮፕላን ወንበሮች ተሰፍተዋል፤ እጀታውን አትጎትቱት። ነፋስ ካለ ምሳው እዚሁ ነው። በእኔ ምክንያት የሚቀር በረራ እንዳይኖር።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ልጃቸው ለመጻፍ እምቢ አለች። «ጻፊ» አሏት። ጻፈች።

ትናንት ሐሙስ ጠዋት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሊወስዷቸው ሲመጡ፣ ከትራሳቸው ሥር የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው ለልጃቸው ሰጧት።

«ያዢልኝ» አሉ።

ያን ጊዜ ልጃቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲጠይቁት የኖሩትን ጥያቄ ጠየቀቻቸው። «አባዬ፣ መቼ ትመለሳለህ?»

ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ። «ሐኪሙ ከምሳ በፊት ብሎኛል» አሉ።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና እህታቸው ኮሪደሩ ውስጥ ባለው የብረት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር። የምሳ ሰዓት መጣ፤ አለፈ። ባለቤታቸው በየጊዜው እየተነሱ ወለሉ ላይ የሌለ ነገር ያነሳሉ። ልጃቸው ቁልፉን ጨብጣለች። አባቷ ከምሰሶው ሥር ሆነው ምን ይሰማቸው እንደነበር ያን ቀን ገባት፤ በኋላ ለአክስቷ «ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለው?» አለቻት። በሩ ተከፈተና ቀዶ ሐኪሙ ወጣ። አረንጓዴ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ቆብ በእጁ ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ምን ሊናገር እንደመጣ እህታቸው ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። አፉን ከመክፈቱ በፊት ተነስታ የወንድሟን ሚስት ያዘች።

ወንድማችን በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት፣ የአንድ የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ውድ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ከባለቤቷ ጋር፣ የልጅ ልጃቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን፣ እንዲሁም በየቀኑ ሲሄዱና ሲመለሱ ሲቆጥሯቸው የኖሩትን የክበቡን አባላት ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ፣ በሕመማቸው ጊዜ ለተንከባከቧቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ፣ በተለይም ዛሬ ከቀብሩ መልስ በሰላም ቤቱ መግባቱን ለሚደውልልን ሁሉ ከልብ ያመሰግናል።

የክበቡ ኮሚቴ የቅዳሜውን በረራ ሊሰርዝ አስቦ ነበር። ልጃቸው ግን ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን የአባቷን ቃል ማጥፋት አልፈለገችም። ስለዚህ የምሳ በረራው አለ። እሷ ግን ያን ቀን አትበርርም፤ ከሰሌዳው ሥር ቆማ ቁልፍ ትቀበላለች። የምትመለሱበትን ሰዓት እየተናገራችሁ አስረክቧት። በመጀመሪያው ምስማር ላይ አንድ የቤት ቁልፍ ተሰቅሎ ታገኛላችሁ። የሳቸው ነው፤ ቀኑ ሲያልቅም እዚያው ይቆያል። የእናንተን ግን ከየምስማሩ አንድም ሳይቀር ተቀብላችሁ፣ እሷንም በጊዜ ወደ ቤቷ ስደዷት።

የሚሄደውን ሁሉ ቆመው የጠበቁትን ይህን ሰው፣ እሳቸውንም በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቃቸው አምላክ ይቀበላቸው። በልጅነታቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጠበቋቸውን አባታቸውን ያሳያቸው። ለእኛም ከሰሌዳቸው ላይ ስናነበው ደስ ይለን የነበረውን ያን አንድ ቃል፣ «ተመልሰዋል» የሚለውን፣ በልባችን ያሰማን። አሜን።